ከሰዓቱ አጠገብ የጠፋችው ምልክት

ጡረታ ስወጣ መሥሪያ ቤቱ ጋቢ ሸለመኝ። ጋምቤላ ውስጥ፣ በመጋቢት ወበቅ፣ ጋቢ። ትከሻዬ ላይ ሲያለብሱኝ ላቡ በጀርባዬ እየወረደ ነበር፤ እንደ ወጉ ጎንበስ ብዬ ተቀበልኩ። በጋቢው አልተናደድኩም። ያናደደኝ ቀጥሎ የመጣው ንግግር ነው።

አዲሱ ኃላፊያችን ከመጣ ገና ዓመት ያልሞላው ኢንጂነር ነው። ማይክሮፎኑን ይዞ፣ "ወይዘሮ ሰዓዳ እኮ ከኮምፒውተር ጥግ የጠፋች ሥዕል ሲፈልጉ ነው ጡረታ የደረሰባቸው" አለ። አዳራሹ በሳቅ ሞላ። "በዛሬ ጊዜ እንዲህ የሚደክም የለም፤ ፎርማት አድርጎ መገላገል ነው" ብሎ ጨመረበት። እኔም አብሬ ሳቅሁ፣ ለስላሳዬን ጠጣሁ፣ የምስክር ወረቀቴን ይዤ በባጃጅ ቤቴ ገባሁ። ጋቢውን ሣጥን ውስጥ ከከተትኩ በኋላ ግን እንቅልፍም ሥራም አልያዝ አለኝ። ስለዚህ ይህን ጻፍኩ።

አዎ፣ ሥዕል ስፈልግ ነው የኖርኩት። አላፍርበትም። አንድ ቀን ብቻ አልፈለግሁም፤ የማፍረው በዚያ ቀን ነው። እሱንም እነግራችኋለሁ።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ኮምፒውተር ሲከፈት አብረውት የሚነሡ ፕሮግራሞች አሉ። ቫይረስ የሚጠብቀው አለ፣ አማርኛ የሚያስጽፈው አለ፣ ፋይል እየገለበጠ የሚያስቀምጠው አለ። ማንም ሳያዛቸው ይነሡና ከታች በቀኝ በኩል፣ ከሰዓቱ አጠገብ፣ እያንዳንዳቸው የምስር ፍሬ የምታህል ምልክት ያወጣሉ። ሰው ምልክቷን ካየ ፕሮግራሙ እንዳለ ያውቃል። አንዳንድ ቀን ግን ምልክቷ አትወጣም። ያኔ ነው እኔ የምጠራው።

የወሎ ልጅ ነኝ። በሰፈራው ጊዜ ከእናትና አባቴ ጋር አቦቦ አካባቢ ስንወርድ ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ነበር። አባቴ በቆሎና ማሽላ ዘራ፤ ወንድሜ እስከ ዛሬ እዚያው ያርሳል። እኔ ግን መዝገብ ማንበብ የሚችል ሰው ሲፈለግ እጄን አወጣሁና ከእርሻው ተረፍኩ። ከመጋዘን ጸሐፊነት ወደ ጋምቤላ ከተማ፣ ከከተማው ወደ ጽሕፈት መኪና። አሥር ዓመት ያህል ታይፒስት ነበርኩ። ደመወዙ ደመወዝ አይባልም፤ ስለሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ኮምፒውተር ሲመጣ ኃላፊው ቢሮ በጥልፍ ጨርቅ ተሸፍኖ ተቀመጠ። ለጥቂት ወራት ማንም አልነካውም። በኋላ "ሰዓዳ ታይፒስት ናት፣ ፊደል መምታት ታውቃለች" ተባለና ለእኔ ተሰጠ። ሲበላሽ ደግሞ ጠጋኝ ስለሌለ አቶ ኡጁሉን አመጡልኝ።

አቶ ኡጁሉ አኙዋክ ነው። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ በቁመት ደግሞ በጣም ይበልጠኛል፤ በር ሲገባ ጎንበስ ይላል። ኢታንግ ውስጥ የእርዳታ መጋዘን የሬዲዮ ሠራተኛ ሆኖ ኖሯል። ሬዲዮ፣ ጄኔሬተር፣ የውኃ ፓምፕ፣ ያልፈታው ነገር የለም። በሸሚዙ ኪስ ሁለት እስክሪብቶና አንድ ጠፍጣፋ መፍቻ ይይዛል፤ በብብቱ ደብተር አይለየውም። ጸበኛ አልነበረም፣ አይጠጣም፣ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ካልሄደ ታሟል ማለት ነው። አማርኛው የሥራ አማርኛ ነው፤ ለሴትም ለወንድም የሚናገረው እንደ ወንድ ነበር። እኔን "አንተ ሰዓዳ" ነበር የሚለኝ። መጀመሪያ ሴቶቹ ሲስቁብኝ አፈርኩ። በኋላ ወደድኩት። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሴት ናት ብሎ መፍቻ ያልከለከለኝ ሰው እሱ ብቻ ነበር።

የመጀመሪያ ትምህርቴን አልረሳውም። የቫይረስ ጠባቂው ምልክት ጠፍታ ነበር። ማውሱን ልይዝ እጄን ስዘረጋ መዳፌን በደብተሩ መታኝ።

"ሰዓዳ፣ አንተ አትንካ። ቁጭ በል።"

"ምን ልሁን ቁጭ ብዬ? ሰዎቹ እየጠበቁን ነው።"

"ይጠብቁ። እሱ መጀመሪያ ይነሣ።"

ኮምፒውተሩን አጠፋውና እንደገና አስነሣው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሁለቱን እጆቹን ከጭኖቹ ሥር ከተተና ተቀመጠባቸው። እንደ ሕፃን። እኔንም እንደዚያው አስቀመጠኝ። እጅ ነፃ ከሆነ ይነካል፤ ከተነካ ደግሞ ማሽኑ ያደረገውና አንተ ያደረግኸው ይደባለቃል፤ ይህን ነበር የሚፈራው። ደብተሩን ጉልበቱ ላይ ዘርግቷል። በደብተሩ ላይ መነሣት ያለባቸው ፕሮግራሞች ስም በተራ ተጽፏል። የመጀመሪያዋ ምልክት ስትወጣ በለሆሳስ "አቤት" አለ። ሁለተኛዋ ስትወጣ "አቤት"። የስም ጥሪ ነበር። ሦስተኛው ላይ ዝም አለ። ጠበቀ። ሌባ እንደሚጠብቅ ዘበኛ ዓይኑን ሳይነቅል ጠበቀ። ምልክቷ አልወጣችም።

"ተማሪ ቤት ጥሪ አለ አይደለም?" አለኝ። "ልጅ አቤት አላለም። ለምን? አንድ፣ አልመጣም። ቤት ነው። ሁለት፣ መጥቷል፣ ግን መምህር ሳይገባ አቤት ብሏል፣ ማን ሰማው? ሦስት፣ መጥቷል፣ ኋላ ወንበር ተደብቋል። የትኛው ነው ሳታውቅ አትምታ።"

ሙያዬ በሙሉ ይኸው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው። ያልመጣውን በመነሻ ዝርዝሩ ውስጥ ስሙን ትፈልጋለህ፤ ተሰርዞ ይሆናል። የተደበቀውን ከሰዓቱ አጠገብ ያለችውን ትንሽ ቀስት ስትነካ ታገኘዋለህ። አስቸጋሪው ሁለተኛው ነው። ፕሮግራሙ ቸኩሎ ይነሣል፤ ምልክት የሚሰቀልበት የታችኛው መስመር ገና አልተዘረጋም። ምልክቱን ባልተዘረጋ ገመድ ላይ ሰቅሎ ሥራውን ይቀጥላል። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት እንደሚባለው ነው። መድኃኒቱ ማዘግየት ነው፤ ሌሎቹ ተነሥተው ሲያበቁ አርባ ሰከንድ ቆይቶ እንዲነሣ ትእዛዝ ትጽፍለታለህ። ሁሉን ደምስሶ እንደ አዲስ መጫን፣ ፎርማት የሚሉት፣ አያስፈልገውም። እኛ ጋ ማሽኑ አሮጌ፣ ሙቀቱ ከባድ፣ መብራቱ የሚመጣው እየተመላለሰ ስለሆነ፣ መስመሩ ለመዘርጋት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። የኮምፒውተሩን መመሪያ መጽሐፍ የጻፉት ሰዎች የእኛን ማሽን አላዩትም።

ኢታንግ በተመደብኩበት ዓመት አንዲት የመጋዘን ጸሐፊ አማርኛ መጻፊያው ተበላሸ ብላ ጠራችኝ። "ሰላም" ብላ ስትጽፍ "ሰሰላላምም" ይላል። ሰዉ ኮምፒውተሩ ጋኔን አለበት እያለ ሲስቅ ደረስኩ።

"ምን አደረግሽው?" አልኳት።

"ምንም። ጠዋት ምልክቷ አልታየችም። ፕሮግራሙን ከፈትኩት፣ ዝም። ደግሜ ከፈትኩት፣ ዝም።"

"ስንት ጊዜ?"

"እስኪመጣ ድረስ ነዋ።"

የተነሡትን ፕሮግራሞች ስም የሚዘረዝረውን ታስክ ማናጀር ስከፍት አንዱ ፕሮግራም አምስት ቦታ ተነሥቶ ተቀምጧል። አምስቱም መጥተው አንዱም ምልክት አልሰቀለም። አራቱን አሰናበትኳቸው፣ አንዱን አዘገየሁት፣ ፊደሉ ተስተካከለ። ሴትየዋ እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ስታገኘኝ "ሰሰላላምም" ብላ ነው የምትጠራኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ስም አወጣሁ። ስም ሲወጣ ደግሞ መኪና ይጠብቅሃል፣ ስልክ ይጠራሃል፣ ቁጭ ማለት ያሳፍርሃል። አቶ ኡጁሉ በዚያን ጊዜ ጡረታ ወጥቶ ባሮ ዳር ቤቱ ነበር። የሚገሥጸኝ አልነበረም።

ከተማችን ውስጥ ነርሶችና አዋላጆች የሚሠለጥኑበት አንድ ማሠልጠኛ ነበር። ስሙን አልጠራም። ሬጅስትራሩ አቶ ቱት ይባላል፤ ኑዌር ነው፣ ጠንቃቃ፣ ወረቀቱን በመልክ በመልኩ የሚያስቀምጥ ሰው። የተማሪዎቹ ውጤት በሙሉ በእሱ ኮምፒውተር ነበር። እኔ ራሴ ያስገባሁለት ፕሮግራም በየቀኑ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ውጤቱን ወደ ሌላ ዲስክ ይገለብጣል፤ መገልበጥ ሲጀምር አንዲት አረንጓዴ ሣጥን ከሰዓቱ አጠገብ ትወጣለች። አንድ ቀን ደወለልኝ።

"ሰዓዳ፣ አረንጓዴዋ የለችም።"

ወደ ጎግ የምትሄድ መኪና ሞተሯን አስነሥታ ውጭ እየጠበቀችኝ ነበር። በመንገዴ ወደ ማሠልጠኛው ጎራ አልኩ። ወንበር ሳበልኝ፤ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ታስክ ማናጀሩን ከፈትኩ። የፕሮግራሙ ስም አለ። ተነሥቷል። በልቤ "ቁጥር ሁለት፤ ቸኩሎ አቤት ያለ" አልኩና ዘጋሁት።

"እየሠራ ነው። ሥዕሉን እርሳው" አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አቶ ቱት፣ የሰዓዳን ሥራ ትጠራጠራለህ እንዴ?"

ሳቀ። አመነኝ። እኔ ከወጣሁ በኋላ ሌሎቹ ሠራተኞች እንዳይጨነቁ ብሎ በቁራጭ ወረቀት "አረንጓዴውን ሥዕል እርሱት፤ ሰዓዳ" ብሎ ጽፎ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ ለጠፈው።

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። አንድ ከሰዓት መብራት ሄዶ ሲመለስ በኃይል ተመለሰና የኮምፒውተሩን ዲስክ አቃጠለው። አቶ ቱት አልደነገጠም። መገልበጫ ዲስኩን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ "ይኸው፣ ሁሉም እዚህ አለ" ብሎ አመጣልኝ። ከፈትኩት። የመጨረሻው ፋይል የተገለበጠው እኔ ቆሜ "እርሳው" ካልኩበት ቀን አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው። ያን ጊዜ ነው የተቀመጥኩት።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብኝም። አቶ ቱት ለተማሪዎች ማስረጃ ሲያትም ኮምፒውተሩ ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር እያወጣ ያስቸግረዋል። በእጁ መሰረዝ ሰለቸው። ስለዚህ አንድ ቀን የኮምፒውተሩን ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር መለሰው። ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን። ጳጉሜ ስትመጣ ምን ሊያደርግ አስቦ እንደነበር አላውቅም። ገልባጩ ፕሮግራም የሚሠራው "ትናንት ገልብጫለሁ፣ ዛሬ ተራዬ ነው" እያለ ነው። ቀኑ ሰባት ዓመት ከምናምን ወደ ኋላ ሲመለስበት፣ የሚቀጥለው ተራው ሰባት ዓመት ርቆ ታየው። ስለዚህ በየቀኑ ይነሣል፣ ቀኑን ያያል፣ ገና ነው ብሎ ይቀመጣል። ተነሥቷል፣ ግን አይሠራም። አረንጓዴዋ የቀረችው በትክክል ነበር። እውነቱን ስትናገር የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ምልክቷ የጠፋችው ከሰዓቱ አጠገብ ነው። ከሰዓቱ ሥር ቀኑ ተጽፏል። ቆሜ ሳይ ቀኑን አይቼዋለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ልክ ነበር። የእኛ ዓመት ነዋ። ዓይኔ የለመደው፣ ደብዳቤ ላይ የምጽፈው ዓመት። ለፈረንጅ ብታሳየው ደንግጦ ይጮኻል፤ እኔ ሐበሻዋ "ልክ ነው" ብዬ አለፍኩት። ቁጭ ብዬ፣ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ አንድ ጊዜ እንኳ አስነሥቼው ቢሆን ኖሮ አየው ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

አብዛኛው ውጤት ከመምህራን ወረቀት እንደገና ተመዘገበ። የማዋለድ ተግባር ልምምድ ውጤት ግን አልተገኘም። መምህሩ ወደ ሌላ ክልል ሄዷል፤ የተወው ካርቶን ሲከፈት ምስጥ በልቶት ዱቄት ሆኖ ተገኘ። አምስት ተማሪዎች ትምህርቱን እንደገና ይውሰዱ ተባለ። አንድ ዓመት ማለት ነው። ከአምስቱ አንዷ አሪየት ነበረች፤ የጎግ ልጅ፣ አኙዋክ፣ ቀጭን፣ ዓይን ዓይን እያየች የምትናገር። ወረዳዋ ነው ያስተማራት፤ አዋላጅ የሌለው ጤና ጣቢያ እየጠበቃት ነበር። ቢሮዬ ድረስ መጣች። በእጇ ያቺን ቁራጭ ወረቀት ይዛለች፤ ከስክሪኑ ላይ ልጣዋለች።

"ማዘር፣ ይሄ የእርስዎ ነው?"

"ጽሕፈቱ የአቶ ቱት ነው። ቃሉ የእኔ ነው።"

"ሃያ ሦስት እናት አዋልጃለሁ። አሁን እንዳላዋለድኩ ሆነ?"

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አልኳት። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች። አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

በማግሥቱ የክፍል ኃላፊያችን ሪፖርት አዘጋጅቶ ጠራኝ። አንድ ገጽ ነው። "የተጠቃሚ ስህተት" ይላል። ተጠቃሚው ያለ ፈቃድ የኮምፒውተሩን ቀን በመቀየሩ የደረሰ ጉዳት። ከታች የእኔ ስም፣ ከስሙ ጎን የፊርማ ቦታ።

"ፈርሚና ይለቅ" አለኝ። "ቀኑን የለወጠው እሱ አይደለም እንዴ?"

"እሱ ነው።"

"ታዲያ ምን ሆንሽ?"

"ምልክቷ ጠፋች ብሎ የደወለውም እሱ ነው። እርሳው ያልኩት እኔ ነኝ። ያ የት ተጻፈ?"

"ሰዓዳ፣ ራስሽን አታስበይ።"

"አልፈርምም።"

ለመነኝ፣ ተቆጣኝ፣ በር ዘግቶ መከረኝ። አቶ ቱት ልጆች እንዳሉት እኔ አውቃለሁ፤ ሪፖርቱ ቢያልፍ ከሥራ የሚሰናበተው እሱ እንደሆነም አውቃለሁ። የራሴን ሪፖርት በራሴ እጅ ጻፍኩ። "ባለሙያዋ ሳትቀመጥ፣ ሳታስነሣ፣ ቀኑን ሳታገናዝብ እየሠራ ነው ብላለች" ብዬ ፈረምኩበት። አቶ ቱት በተግሣጽ አለፈ። እኔ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ወደ ዲማ ዝውውር ደረሰኝ። ከወርቅ ቆፋሪዎቹ መሀል፣ በአቧራው ውስጥ፣ ሁለት ዓመት የማኅበራቸውን ኮምፒውተር ስጠርግ ከረምኩ። ጓደኞቼ ሞኝ አሉኝ። ይበሉ። ያን ወረቀት ፈርሜ ጋምቤላ ብቀር ኖሮ ዛሬ ይህን ለመጻፍ ፊት አይኖረኝም ነበር።

ወደ ዲማ ከመሄዴ በፊት አቶ ኡጁሉ ቤት ሄጄ ሁሉንም ነገርኩት። እስክጨርስ አላቋረጠኝም። ከማንጎው ሥር ተቀምጦ ነበር።

"አልተቀመጥክም" አለኝ።

"አልተቀመጥኩም።"

"ስሙን አየህ። ሥራውን አላየህም።"

"አላየሁም።"

ደብተሩን አውጥቶ ሰጠኝ። ያንኑ የስም ጥሪ ደብተር። ካሁን በኋላ የሚጽፍበት የለውም አለኝ። የአሪየትን ወረቀት በመጀመሪያው ገጽ ላይ ለጠፍኩት፤ አሁንም እዚያው አለ። አቶ ኡጁሉ ዲማ እያለሁ አረፈ። ቀብሩ ላይ አልደረስኩም፤ ይህም ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ግን እስከ ጡረታዬ ድረስ ቆሜ ያየሁት ኮምፒውተር የለም። ኃላፊ ተቆጥቷል፣ ሾፌር ጡሩምባ ነፍቷል፣ እኔ ተቀምጫለሁ። ስሙን ካየሁ በኋላም የመጨረሻው ሥራ የተሠራው መቼ ነው ብዬ ሳልጠይቅ አልወጣም። "ሰዓዳ ትዘገያለች" የሚል ስም ወጣልኝ። ከመጀመሪያው ስሜ ይልቅ ይህኛውን እወዳለሁ።

እዚህ ላይ ልጨርስ ነበር። ነገር ግን ጋቢውን በተሸለምኩ በሦስተኛው ወር ስልኬ ጮኸ።

"ማዘር ሰዓዳ? አሪየት ነኝ።"

ድምፅዋን ለየሁት። ትምህርቱን ደግማ፣ በአንድ ዓመት ዘግይታ፣ ጎግ ወረዳ ውስጥ ያ ሲጠብቃት የነበረው ጤና ጣቢያ እንደገባች ሰምቻለሁ። አሁን ኃላፊዋ ሆናለች። የክትባት ፍሪጃቸው ውስጥ የሙቀት መለኪያ አለ፤ በገመድ ከኮምፒውተሩ ጋር ይገናኛል። ኮምፒውተሩ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ፕሮግራም ሙቀቱን ይመዘግባል፣ ከመጠን ካለፈ ይጮኻል። ምልክቷ ጠፍታለች።

"ለመሥሪያ ቤታችሁ ደወልኩ" አለችኝ። "ታስክ ማናጀር አስከፈቱኝ። ስሙ አለ። 'እየሠራ ነው፣ ሥዕሉን እርሱት፣ ስንመጣ ፎርማት እናደርገዋለን' አሉኝ።"

ሁለታችንም ያቺን ወረቀት እያሰብን ነበር።

"አልረሳሁትም" አለች። "በማግሥቱ መልሰው ሲደውሉልኝም አልረሳውም አልኳቸው። ቴርሞሜትር ከትቼ ጠዋትና ማታ በእጄ እየጻፍኩ ነው። በአራተኛው ቀን ሙቀቱ ወጣ። የፍሪጁ በር ጎማ ለቆ ኖሯል። ክትባቱን በበረዶ ሣጥን ወደ አቦቦ አሻገርኩት፣ ጎማውን አስጠገንኩት። ክትባቱን መልሼ ላስገባ ብል ግን ሙቀቱ ሲወጣ የሚጮኽልኝ የለም። ማታ ቤቴ ስገባ ማን ይጠብቀዋል?"

ክትባት ቢበላሽ መበላሸቱ በዓይን አይታይም። ልጁ ይወጋል፣ እናትየው ተከትቧል ብላ ትሄዳለች፣ ኩፍኝ ሲመጣ ነው የሚታወቀው። በማግሥቱ ጠዋት ደብተሬን ይዤ መኪና ተሳፈርኩ።

ስደርስ አሪየት ወንበር አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። ወፍራለች፣ መነጽር አድርጋለች። ዓይን ዓይን ማየቷ እንዳለ ነው። ተቃቀፍን። ከዚያ ተቀመጥኩ፣ እጆቼን ጭኖቼ ሥር ከተትኩ። ስታየኝ ሳቀች።

"ማነው የሚነካው ታዲያ?"

"አንቺ። ምን እንደምታደርጊ እነግርሻለሁ። መጀመሪያ ቀኑን—"

"አይቼዋለሁ" አለች። "በፈረንጅ ነው። ልክ ነው። እኔ ኮምፒውተር ስከፍት ከሁሉ በፊት የማየው እሱን ነው።"

አስነሣችው። ስም ጠራሁ። የመጀመሪያው "አቤት" አለ፣ ሁለተኛውም። ሦስተኛው ዝም። መዝገቡን አስከፈትኳት፤ የመጨረሻው ሙቀት የተጻፈው ከዘጠኝ ቀን በፊት ነው። ስሙ አለ፣ ሥራው የለም። "ከዘጠኝ ቀን በፊት እዚህ ቤት ምን ሆነ?" አልኳት። አሰበች። ጣሪያው ዝናብ አፍስሶ ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፍተውታል። ሲገፉ ገመዶቹን ነቅለው መልሰዋል። ጎንበስ ብላ ስታይ የመለኪያው ገመድ ከድሮው ቀዳዳ ጎን ሌላ ቀዳዳ ውስጥ ተሰክቷል። ፕሮግራሙ በየቀኑ እየተነሣ በድሮው ቀዳዳ መለኪያውን ሲጠብቅ ነበር። አሪየት ገመዱን ነቅላ ወደ ቦታው መለሰችና እንደገና አስነሣችው።

እጃችን ከጭናችን ሥር ሆኖ ሁለታችንም ጠበቅን። መስመሩ ተዘረጋ። አንዷ ወጣች፣ ሁለተኛዋ ወጣች። ከዚያ የበረዶ ቅርጽ ያላት ትንሽ ሰማያዊ ምልክት ከሰዓቱ አጠገብ ብቅ አለች።

"አቤት" አለች አሪየት።

ክትባቱ በማግሥቱ ከአቦቦ ተመልሶ ገባ። አሪየት እንደ ደንቡ ለመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ ጻፈች፤ ብልሽቱን፣ ምክንያቱን፣ የእኔንም ስም። በሳምንቱ አዲሱ ኃላፊ ደወለልኝ። ድምፁ የሽልማቱ ቀን ድምፅ አልነበረም።

"ወይዘሮ ሰዓዳ፣ ጡረታ ወጥተዋል እኮ። በምን ሥልጣን ነው የመንግሥት ኮምፒውተር የነኩት?"

"አልነካሁም" አልኩት። "ቁጭ ብዬ ነበር።"